ከተጎዳችው አጠገብ መቆምና ስለ እርስዋ መወሰን

በጥቃት የተጎዳን ሰው መርዳት ግዴታ መሆኑን የሚጠራጠር ክርስቲያን አይገኝም። ክርክሩ የሚነሣው ከዚያ ወዲያ፣ ማለትም የተጎዳችው ሴት ራስዋ «ወደ ቤቴ እመለሳለሁ» ስትል ነው። የደበደባት ባልዋ ነው፤ የምትመለሰውም ወደ እርሱ ነው። ቁስልዋን ያጠበላት ነርስ፣ ስብራትዋን ያሰረላት ሐኪም፣ አጠገብዋ ተቀምጣ ስታዳምጣት ያመሸችው ረዳት፣ ሁሉም በአንድ ቃል «አትሂጂ!» ለማለት ይዳዳቸዋል። በዚያች ሰዓት እርስዋን መውደድ ማለት ምን ማለት ነው? መንገድዋን መዝጋት ነው ወይስ እስከ በር ድረስ መሸኘት?

ጥያቄው የሆስፒታል ሰዎች ብቻ አይደለም። በየቁምስናው የሚያገለግል ካቴኪስት፣ የማኅበር መሪ፣ የክርስትና እናት፣ ጎረቤት ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ ይገጥመዋል። ይሁን እንጂ ጥያቄው ከሁሉ አስቀድሞ በግልጽ የሚታየው ሥራቸው ከእንዲህ ዓይነትዋ ሴት አጠገብ መቆም ብቻ በሆነ ሰዎች ዘንድ ስለ ሆነ፣ በመጀመሪያ ወደ እነርሱ እንሂድ።

በአንዳንድ አገሮች በሆስፒታል ውስጥ «የተጎጂዎች ተሟጋች» የሚባል ሠራተኛ ይመደባል። ይህ አገልግሎት ቀድሞ ከታየባቸው ስፍራዎች አንዱ በዩናይትድ ስቴትስ የሚገኘው የቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1986 ነበር። አጀማመሩ ሊጤን የሚገባው ነው። የተደበደበ ልጅ ወደ ሆስፒታል ሲመጣ የተለመደው አሠራር እናቲቱን «ለምን አልጠበቅሽውም?» ብሎ መውቀስ፣ ብሎም ልጁን ከእርስዋ መለየት ነበር። የአገልግሎቱ መሥራቾች ግን ከተደበደበው ልጅ ጀርባ ብዙ ጊዜ የተደበደበች እናት እንደምትገኝ ተገነዘቡ። በመሆኑም ለእናቲቱ የራስዋ ረዳት መደቡላት፤ ልጁን ለማዳን የሚቀርበው መንገድ እናቱን ማዳን ነው የሚል እምነት ነበራቸው። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1992፣ የዚያች አገር ሆስፒታሎችን ብቃት የሚመሰክረው አካል፣ የድንገተኛ ክፍሎች በቤት ውስጥ ጥቃት የተጎዱትን የሚለዩበትና የሚረዱበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ በሴቶች ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት የሚመለከተው የፌዴራል ሕግ ወጣ።

«ተሟጋች» የሚለው ቃል የችሎት ሽታ አለው። ሰው ሲሰማው ከዳኛ ፊት ቆሞ የሚከራከር ጠበቃ ይታየዋል። ዳሩ ግን የዚህች ሠራተኛ ሙግት ጥቂት፣ ዝምታዋ ብዙ ነው። የላቲኑ ሥረ ቃል «ወደ አጠገብ የተጠራ» ማለት ነው፤ መንፈስ ቅዱስን ጰራቅሊጦስ የምንልበት የግሪክ ቃልም በትርጉሙ ከዚሁ ጋር ይገጥማል። በእኔ አስተያየት ከሥራው ጋር የሚስማማው ይህ የጥንቱ ትርጉም ነው።

ሥራው ምን ይመስላል? አንዲት ሴት ክንድዋ ተሰብሮ፣ ዐይንዋ ሥር አብጦ ወደ ድንገተኛ ክፍል መጣች እንበል። «ደረጃ ላይ ወደቅሁ» ትላለች። ባልዋ ከአጠገብዋ አይለይም፤ ጥያቄ በተጠየቀች ቁጥር የሚመልሰው እርሱ ነው። የነቃ ነርስ ባልየውን በአንድ ምክንያት፣ ለምሳሌ ካርድ እንዲያወጣ ወይም ክፍያ እንዲፈጽም፣ ወደ ውጭ ይልከዋል፤ ተሟጋችዋም በዚያች ጥቂት ጊዜ ገብታ በሩን ትዘጋለች። ነጭ ጋውን አልለበሰችም፤ መርፌም ሆነ መድኃኒት አልያዘችም። በመጀመሪያ የምትናገረው ነገር ለብዙዎች ያስገርም ይሆናል። ሴትዮዋ ታሪክዋን ከመጀመርዋ በፊት፣ በምሥጢር ልትይዘው የማትችለው ነገር ካለ ምን እንደ ሆነ አስቀድማ ትነግራታለች። ምክንያቱም የአንዳንድ ግዛቶች ሕግ፣ ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ያወጣችው፣ ሐኪም በድብደባ የመጣን ጉዳት ለፖሊስ እንዲያመለክት የሚያስገድድ ሆኖ ተደንግጓል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ የባልና ሚስትን ጥቃት በሚመለከት ሐኪም በግዴታ ለፖሊስ ያመልክት የሚለውን አልደገፈም፤ ሴትዮዋ ከፈለገች ግን እንዲያመለክትላት ይመክራል። ነገሩ ወዲያም ሆነ ወዲህ፣ ሰውን አናግሮ ካበቁ በኋላ «ይቅርታ፣ ይህን ለመናገር እገደዳለሁ» ማለት ክሕደት ነው።

እዚህ ላይ ምእመናን በቀላሉ የሚረዱት አንድ ልዩነት አለ። በምሥጢረ ንስሐ የተነገረውን ካህኑ ለማንም አይገልጥም። የተሟጋችዋ ምሥጢር ግን ከዚህ ይለያል፤ የሴትዮዋ ንብረት ነውና ስትፈልግ ትፈታዋለች፣ ስትፈልግ ታስረዋለች። ለዳኛ፣ ለእናትዋ፣ ለቆሞሱ የሚነገረውንና የማይነገረውን የምትለየው እርስዋ ናት። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ለብዙ ዓመታት ስልክዋ ሲበረበር፣ ቦርሳዋ ሲፈተሽ ለኖረች ሴት የራስዋ የሆነ አንድ ምሥጢር መያዝ እንዴት ያለ ነገር እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም።

ከዚያም ታዳምጣለች። ሐኪሙ በካርዱ ላይ የሚጽፈውን ቃል እንዲመርጥ ታሳስባለች፤ «ታካሚዋ ባልዋ እንደ መታት ተናግራለች» ብሎ በመጻፍና «ባሌ መታኝ ባይ ናት» ብሎ በመጻፍ መካከል፣ ወረቀቱ ከዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ትልቅ ልዩነት ይኖራልና። ፈቃድዋ ከሆነ ቁስሉ ፎቶግራፍ ይነሣል። የመጠለያ አልጋ መኖሩን በስልክ ትጠይቅላታለች፤ የፍርድ ቤት የጥበቃ ትእዛዝ እንዴት እንደሚወጣ ታስረዳታለች። ወደ ቤት የምትመለስ ከሆነም፣ የልደት ወረቀትና መታወቂያ የት እንደሚቀመጥ፣ ትርፍ ቁልፍ ለየትኛዋ ጎረቤት እንደሚሰጥ፣ ልጆቹ የትኛውን ቃል ሲሰሙ ወደ ጎረቤት እንደሚሮጡ አብረው ያስባሉ።

ቋንቋም ሌላ ወጥመድ ነው። ይህ በተለይ በዋሽንግተን አካባቢና በሌሎችም ከተሞች የሚኖሩትን ወገኖቻችንን ይነካል። እንግሊዝኛ የማትችል ሚስት ሐኪም ፊት ስትቀርብ አስተርጓሚዋ ባልዋ ከሆነ፣ በአማርኛ «መታኝ» ያለችው በእንግሊዝኛ «ወደቀች» ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ባልም ሆነ ልጅ እንዳያስተረጉም መከላከል የተሟጋችዋ ግዴታ ነው። የሚገርመው፣ ባለሙያ አስተርጓሚ ሲመጣም ስጋቱ አያልቅም። የአገር ሰው ጥቂት በሆነበት ከተማ አስተርጓሚው የባልየው ወዳጅ፣ ወይም እሑድ እሑድ አብሮአቸው የሚያስቀድስ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በስልክ ከሌላ ክፍለ ሀገር የሚያስተረጉም ሰው ትፈልግላታለች። «ወረቀትሽን አሰርዛለሁ፣ ወደ አገርሽ አስመልስሻለሁ» የሚለውን ማስፈራሪያም ብዙዎች ያውቁታል። ከላይ የጠቀስነው የ1994 ሕግ ግን ባልዋ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነ ተጎጂ ሚስት፣ ባልዋ ሳያውቅ ስለ መኖሪያ ፈቃድዋ በራስዋ ስም እንድታመለክት በር ከፍቷል። ይህን የምትሰማው ብዙ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ሴትዮዋ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካክላ «ልሂድ» ትላለች። አሁን ወደ ጥያቄያችን ደረስን።

የዚህ ሙያ ሰዎች ደንብ ግልጽ ነው፤ ውሳኔው የእርስዋ ነው ይላሉ። ምክንያታቸውም ጥቃቱ ራሱ ምን እንደ ሆነ ከመረዳት የመጣ ነው። ሚስቱን የሚደበድብ ሰው ሁልጊዜ በንዴት የሳተ አይደለም፤ አለቃው ሲያናድደው አለቃውን አይመታም። ዱላው የአገዛዝ መሣሪያ ነው። ማንን እንደምታነጋግር፣ ገንዘብ መቼ እንደምትይዝ፣ እናትዋን መቼ እንደምትጠይቅ፣ በስንት ሰዓት እንደምትተኛ የሚወስነው እርሱ ነው። እንግዲህ ተሟጋችዋ መልካም አሳቢ ሆና «አትሄጂም» ብላ ብትወስንባት፣ ሴትዮዋ ጌታ ለወጠች እንጂ ነፃ አልወጣችም። በተጨማሪም ነገ በሌላ ሌሊት ስትጎዳ ወደዚያ ክፍል ለመመለስ ታፍራለች።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ግን ቀላል አይደለም፤ ፈጥነን ልናልፈውም አይገባም። «በፍርሃት የታሰረች ነፍስ ምን ዓይነት ፈቃድ አላት?» ይላል ተቃዋሚው። በውኃ የሚሰጥም ሰው ሊያወጣው የመጣውን በእጁ ይገፋዋል፤ ዋናተኛው ግን «ፈቃዱ ነው» ብሎ አይተወውም። የሥነ ምግባር ትምህርታችንም ብርቱ ፍርሃት የሰውን ፈቃድ እንደሚያጎድል፣ ኃላፊነቱንም እንደሚያቀልል ያስተምራል። ታዲያ የጎደለን ፈቃድ እንደ ሙሉ ፈቃድ አድርጎ መቀበል እንዴት ትክክል ይሆናል?

በበኩሌ ለዚህ ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛው፣ ፍርሃትዋ ድንቁርና አይደለም። ተሟጋችዋ ሰውየውን በኮሪደር ለአንድ አፍታ አይታዋለች፤ ሚስቱ አሥር ዓመት አብራው ኖራለች። ሲቆጣ ምን እንደሚያደርግ፣ የበር ድምፅ እንዴት ሲሆን መሸሽ እንደሚገባ ታውቃለች። ይህን ጉዳይ ያጠኑ ሁሉ እንደሚስማሙበት ለእንዲህ ዓይነትዋ ሴት እጅግ አስጊ የሆነው ጊዜ ትታው የምትወጣበት ወቅት ነው። «ለምን አትወጣም?» የሚለው ከውጭ የቆመ ሰው ጥያቄ ይህን አይቆጥርም፤ እርስዋ ግን ትቆጥራለች። ዛሬ ሌሊት ሁለቱ ልጆች ቤት ናቸው፤ የቤቱ ኪራይ በእርሱ ስም ነው፤ ነገ ምን ይበላሉ? ወደ ቤት መመለስዋ አንዳንድ ጊዜ የስሌት ውጤት ነው፤ ስሌቱም ትክክል ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው መልስ ከሆስፒታሉ ራሱ የሚገኝ ነው። የተሰበረ እጅ ከጄሶ ሲወጣ ደካማ ነው፤ ጣት ለማጠፍ እንኳ ይቸግራል። ባለሙያው ግን እጁ ደካማ ነውና ሌላ ሰው ይሥራለት አይልም፤ በትንሽ በትንሹ እንዲሠራ ያደርገዋል እንጂ። ፈቃድም እንደዚሁ ነው። ተሟጋችዋ «ውኃ ልስጥሽ ወይስ ሻይ? በሩ ይዘጋ ወይስ ገርበብ ይበል? ፎቶግራፉን ዛሬ እናንሣ ወይስ አናንሣ?» እያለች ስትጠይቅ፣ ላላየው ሰው ጊዜ የምታባክን ይመስላል። እነዚህ ግን ለብዙ ዓመታት ማንም ያልጠየቃት ጥያቄዎች ናቸው። የሚሰጥመው ሰው ምሳሌ የማይገጥመው በዚህ ነው፤ ውኃው ሰውየውን የሚይዘው ለደቂቃዎች ነው፤ ይህች ሴት ግን ነገም ከነገ ወዲያም መኖርና መወሰን አለባት፣ ዋናተኛውም ሁልጊዜ ከእርስዋ ጋር አይኖርም።

ይህን ስል ግን ሌላ አደጋ አያለሁ። «ውሳኔው የአንቺ ነው» የሚለው ቃል ከሰነፍ አፍም ይወጣል። የሥራ ሰዓቱ ያለቀበት፣ አውቶቡስ ሊያመልጠው የደረሰ ሰውም እንዲህ ብሎ እጁን ሊታጠብ ይችላል፤ እጁን የታጠበ ሁሉ ንጹሕ እንዳልሆነ ደግሞ እናውቃለን። ሴትዮዋ የምትወስነው በምታውቀው ነገር ላይ ነው፤ የማታውቀውን አለመንገር ውሳኔዋን ማክበር ሳይሆን መስረቅ ነው።

ለምሳሌ የመታነቅን ነገር እንውሰድ። ባልዋ አንገትዋን አንቆ ከለቀቃት ብዙ ሴቶች ይህን ከጥፊ አሳንሰው ይነግሩታል፤ «ያዘኝና ተወኝ» ይላሉ። ምልክትም ላይኖረው ይችላል። በካሊፎርኒያ በሳን ዲዬጎ ከተማ ለፖሊስ የደረሱ 300 የመታነቅ ጉዳዮች ተመርምረው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወጣ፣ በግማሾቹ ላይ በዐይን የሚታይ ጉዳት አልተገኘም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ከዚህ በፊት በባልዋ ወይም በወዳጅዋ የታነቀች ሴት በዚያው ሰው እጅ የመገደልዋ ዕድል ካልታነቀችው ይልቅ ከሰባት ጊዜ በላይ እንደሚበልጥ አሳየ። ይህን የምታውቅ ተሟጋች ዝም ብትል በደለኛ ናት። በመሆኑም በትሕትና ግን በግልጽ «እስከ አሁን የነገርሽኝ ሁሉ ያሳስበኛል፤ ይህ ያንገት ነገር ግን ለሕይወትሽ ያስፈራኛል» ማለት ይገባታል። እንዲህ ብላ ከተናገረች በኋላ ነው «ውሳኔው የአንቺ ነው» ማለት የምትችለው። ያን ጊዜ ቃሉ ክብደት ይኖረዋል፤ ለመናገርም ይከብዳል።

ወሰንም አለው። ራስዋን ስታ የመጣችን ሴት ማንም «ምን ትመርጫለሽ?» አይላትም። አቅመ ቢስ ሕፃን በቤቱ ውስጥ የሚጎዳ ከሆነ፣ ሕፃኑ ራሱን ሊከላከል ስለማይችል፣ ጉዳዩ የእናቲቱ ውሳኔ ብቻ መሆኑ ያበቃል፤ በብዙ ስፍራ ሕጉም ይህንኑ ያዝዛል። ነገር ግን በዚህም ጊዜ ቢሆን ከበስተጀርባዋ ሳይሆን በፊትዋ፣ ቢቻል ስልኩን ራስዋ እንድትደውል አድርጎ መፈጸም ይቻላል፤ የቦስተኖቹ አሳብ ይኸው ነበር።

ይህን ሥራ ከደጉ ሳምራዊ ጋር የሚያመሳስሉ አሉ። ምሳሌው ይስማማል፤ በሙሉ ግን አይደለም። በመንገድ የወደቀው ሰው ሊሞት የቀረበ ስለ ነበረ አንድም ቃል ሲናገር አንሰማም፤ ዘይቱንም፣ አህያውንም፣ ማደሪያውንም የወሰነው ሳምራዊው ነው፤ መልካምም አደረገ። ወንበዴዎቹም ሄደዋል። በሆስፒታሉ ውስጥ ግን የቆሰለችው ትናገራለች፤ ወንበዴውም አልሄደም፤ የብርቱካን ጭማቂ ይዞ በኮሪደሩ ተቀምጦ ይጠብቃታል፣ ምናልባትም ያለቅሳል። ሳምራዊው ይህን ቢያይ ምን ያደርግ ነበር? ምሳሌው የማይነግረን ይህን ነው፤ የእኛም ፈተና የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በእኛ ዘንድ በሆስፒታል ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ ገና ጥቂት ነው። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የሕክምናን፣ የምክርንና የሕግን አገልግሎት በአንድ ስፍራ የሚሰጥ ማዕከል አለ፤ በተለይም የጾታ ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶችና ሕፃናት ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ነፃ የሕግ ምክር ሲሰጥ ኖሯል። ሕጉም ዝም አላለም፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት በወንጀልነት ለይቶ ይደነግጋል። ነገር ግን በየገጠሩና በየሰፈሩ ከሐኪምም ከፖሊስም ቀድሞ የሚሰማው የእኛ ጆሮ ነው። እኛ ደግሞ ለዘመናት አንድ መልስ ይዘን ኖረናል፤ «ቻይው» የሚል።

ይህን ቃል ወንዶች ብቻ የሚናገሩት እንዳይመስለን። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ወጥ ማሳረርን ወይም ሳይነግሩ ከቤት መውጣትን በመሰሉ ምክንያቶች ቢያንስ በአንዱ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ብለው ያመኑ ሴቶች ከመቶ 63 መሆናቸውን አሳይቷል፤ እንዲሁ ያሉት ወንዶች ግን ከመቶ 28 ነበሩ። እናት ለልጅዋ፣ የክርስትና እናት ለክርስትና ልጅዋ «ቤትሽ ይቁጠረው፣ ገበናሽን ሸፍኚ፣ ለልጆችሽ ስትይ ቻይ» ስትላት ከክፋት አይደለም፤ እርስዋም ችላ ኖራለችና ነው። ነገር ግን ልብ እንበል፤ «ቻይው» ማለትም ስለ ሌላ ሰው መወሰን ነው። ከሆስፒታሉ «አትሂጂ!» ጋር አቅጣጫው ይለያያል እንጂ ሁለቱም ሴትዮዋን ሳይጠይቁ ያልፋሉ።

አንዳንዶች ቤተ ክርስቲያን የትዳርን አይፈርሴነት ስለምታስተምር «ቻይው» ከማለት ሌላ አማራጭ የሌለን ይመስላቸዋል። ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. የ1983ቱ የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና በቁጥር 1153፣ በ1990 የወጣውም የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና በቁጥር 864፣ አንደኛው ተጋቢ አብሮ መኖርን ለሌላው ወይም ለልጆች አደገኛ ወይም እጅግ ከባድ ካደረገው፣ ተጎጂው ተለይቶ ለመኖር በቂ ምክንያት እንዳለው ይደነግጋሉ። መዘግየት አደጋ የሚያስከትል ከሆነም የጳጳስን ውሳኔ ሳይጠብቅ በራሱ መሄድ ይችላል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቼስኮስም እ.ኤ.አ. በ2016 በአወጡት «አሞሪስ ላኤቲሲያ» በተባለው ሐዋርያዊ ምክር፣ መለያየት የመጨረሻ መፍትሔ መሆን ቢገባውም፣ ደካማውን ተጋቢና ሕፃናትን ከጥቃት ለማዳን አንዳንድ ጊዜ በሥነ ምግባር ረገድ አስፈላጊ እንደሚሆን አስተምረዋል። ስለ ቃል ኪዳኑ ትክክለኛነት የሚነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ለዚህች ሌሊት የሚያስፈልጋት ግን መሸሽዋ ኃጢአት እንዳልሆነ የሚነግራት ሰው ነው። ይህን የማያውቅ ካቴኪስት ሴትዮዋን በማታውቀው ሕግ ያስራታል።

ስለ ሽምግልናም አንድ ቃል ልበል። ሽምግልና የከበረ ባሕላችን ነው፤ የስንት ቤት ጠብ አብርዷል። ነገር ግን ሽማግሌ የሚያስታርቀው ሁለቱም ወገን ያለ ፍርሃት መናገር ሲችሉ ነው። ማታ ወደ ቤት ስትመለስ ስለ ተናገረችው ቃል የምትመታ ሴት በሽማግሌ ፊት ምን ትላለች? «ጥፋቱ የእኔ ነው» ትላለች፤ ሽማግሌዎቹም ታረቁ ብለው ይመርቃሉ። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ነገር የተጠረጠረ እንደ ሆነ ሁለቱን ለየብቻ፣ እርስዋንም አስቀድሞ ማነጋገር ያስፈልጋል። ባልየውን ጠርቶ «ሚስትህ እንዲህ አለች» ብሎ መገሠጽም፣ በቅን ልብ የተደረገ ቢሆንም፣ ለእርስዋ ሞት ሊያመጣ ይችላል። እንደዚሁም ጉዳይዋን በጸሎት ቡድን መካከል «እኅታችን እገሊት በትዳርዋ ተቸግራለችና እንጸልይላት» ብሎ ማውራት ጸሎት ሳይሆን ሐሜት ነው፤ ወሬው እሑድ ሳይመሽ ባልየው ጆሮ ይደርሳል።

ይቅርታን በሚመለከትም፣ ይቅር ማለትና አብሮ ማደር አንድ እንዳልሆኑ ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል። ሴትዮዋ ከሩቅ ሆና ይቅር ልትለው ትችላለች። የባልየው ንስሐ እውነተኛ ከሆነም፣ ከሚስቱ መመለስ ሳይሆን ከእጁ መታቀብ ይጀምራል፤ ይህም በአንድ ሳምንት እንባ አይታወቅም።

በብዙ አገር ያሉ ተሟጋቾች ሁሉ የሚስማሙበት ነገር፣ ወደ ቤትዋ የሄደችው ሴት ብዙ ጊዜ ተመልሳ እንደምትመጣ ነው፤ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ነርሶቹ ይሰለቻሉ፤ «ይህችን ደግሞ!» የሚል ይሰማል። ተሟጋችዋ ግን እንደ መጀመሪያው ቀን በሩን ዘግታ ትቀመጣለች፤ «ምነው፣ ነግሬሽ አልነበረም?» አትልም። ካርዱን ታወጣለች። በላዩ ከሁለት ዓመት በፊት የተጻፈው የክንድ ስብራት፣ ባለፈው ክረምት የተነሣው ፎቶግራፍ፣ «ባልዋ እንደ መታት ተናግራለች» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከነቀኑ ከነሐኪሙ ፊርማ ይገኛል። ሴትዮዋ ያን ጊዜ ምንም አልወሰነችም ነበር። ዛሬ ግን ወረቀቱን ትጠይቅ ይሆናል፤ ለፍርድ ቤት፣ ለልጆች አስተዳደግ ክርክር፣ ወይም እንዲያው በዐይንዋ ለማየት። ወይም አትጠይቅም፤ ተሟጋችዋም ካርዱን ወደ ቦታው መልሳ፣ ውኃ ወይስ ሻይ እንደምትፈልግ ትጠይቃታለች።